ለእትዬ የቆጠብነው መብራት

ባለቤቴ ያንን ሰሌዳ ከዙሪክ ተሸክሞ የመጣ ዕለት በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በገመድ ጠፍሮ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ባቡር ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ነው ያመጣው። "የማንን ቤት መስኮት ነቅለህ መጣህ?" አልኩት። ሳቀና ሳሎን ግድግዳው ላይ አስደገፈው፤ ብርድ ልብሱን ሲገልጠው ጥቁር ሰማያዊ መስታወት ብቅ አለ። "ሶላር ነው" አለኝ። "ከዛሬ ጀምሮ የቤታችን መብራት ከዚህ ነው የሚመጣው።" እኔ ቀልዱን መስሎኝ ራት ላቀርብ ወደ ማድቤት ገባሁ።

ቀልዱን አልነበረም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቤታችን ጄኔቭ ዳር፣ ቬርኒየ፣ ሌ ሊኞን የሚባለው ሰፈር፣ እዚያ ረጅም ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እኔ እዚያው አቅራቢያ ቨርሷ የምትባል ከተማ አንድ ዲፕሎማት ቤት እሠራለሁ፤ ጠዋት በአውቶቡስ ሄጄ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። እሱን ደግሞ ሥራ የቀናው ዙሪክ ነው። ሰኞ ማለዳ ይሄዳል፣ እዚያ ከሌሎች ጋር በተከራዩት ክፍል ይሰነብታል፣ ዓርብ ማታ ይመጣል። አገር ቤት ሳለ የመብራት ሠራተኛ ነበር፣ ምሰሶ ላይ የሚወጣ። ዙሪክ ደግሞ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ የሚገጥም አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ቀጠረው። ሰሌዳውም ከዚያ የተገኘ ነው፤ በአንድ በኩል ጠርዙ ስለተጣመመ አይሸጥም ብሎ ሼፉ፣ አለቃው፣ ሰጠው።

ሼፉ ጺማም ሽማግሌ ስዊስ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦውን እየቆረሰ፣ ነዳጅ ያልቃል፣ ከሰል ያልቃል፣ የልጅ ልጆቻችን በጨለማ ይቀመጣሉ እያለ ይሰብካቸዋል። ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። "ያልቃል ይለኛል፤ እኔ አልቆ አይቼ ነው የመጣሁት" ይላል። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ለቤንዚን ኩፖን ይዘን፣ መኪና እየገፋን ወረፋ የጠበቅን ሰዎች ነን። እሱ የተወለደባት ወሎ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማማ የባሰባት ናት። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት የምትሠራ አንዲት ጄኔሬተር ነበረቻቸው፤ ናፍጣ ሲጠፋ ቆመች፣ እንደቆመች ዛገች። ላምባ አንድ ሰሞን ይመጣል፣ ሦስት ወር ይጠፋል። እንጨቱም ሸሽቷል፤ ሴቶቹ ድሮ ከጓሮ ይለቅሙት የነበረውን ጭራሮ አሁን የግማሽ ቀን መንገድ ሄደው ነው የሚያመጡት።

እትዬ የነበሩት እዚያች ከተማ ነው። ታላቅ እህቱ ናቸው። እናቱ ስትሞት አራት ዓመቱ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ገና ልጅ ሳሉ አሳደጉት፣ ለሱ ሲሉም ሳያገቡ ቀሩ። እኔ ያየኋቸው በሠርጋችን አንዴ ብቻ ነው፤ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ጣታቸው ረጃጅም። የከተማዋ አዋላጅ ናቸው። ሕፃን ሰዓት መርጦ አይመጣም፤ እሳቸውም በኩራዝ ሲያዋልዱ ነው የኖሩት። አዲስ አበባ ያለው የአጎቱ ልጅ በጻፈልን ደብዳቤ ላይ፣ ላምባ ጠፍቶ አንዲቱን ወላድ ክብሪት እየጫሩ እንዳዋለዱ፣ ዐይናቸውም እየደከመ እንደሆነ ነገረን። ባለቤቴ ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰሌዳውን ተሸክሞ የመጣው በሚቀጥለው ዓርብ ነው።

"ታዲያ ለምን አትልክላቸውም? እዚህ ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ሳልኖርበት አልክም" አለኝ። "ብልሽቱን እዚሁ ልየው። እዚያ ቢበላሽባት ማን ያይላታል?"

እንዲህ ነው የተጀመረው። ሰሌዳውን በረንዳው ላይ አጋድሞ አሰረው። ገመዱን በመስኮት አሾልኮ ማድቤት ጠረጴዛ ሥር ካለ የከባድ መኪና ባትሪ ጋር አገናኘው። ከዚያ በሩ አጠገብ ካለው የፊውዝ ሳጥን የቤቱን መብራት ሁሉ አጠፋው፤ ምድጃዋንና ፍሪጁን ብቻ ማረልኝ። የቀረችን አንዲት አምፖልና አንዲት ቴፕ ናት። ቴፗ ስትከፈት አምፖሏ ትጠፋለች። አምፖሏ ሳሎን ከሆነች ማድቤት ጨለማ ነው። ሬዢው፣ ቤቱን የሚያከራየው ድርጅት፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት የሚታይ ነገር አንሡ ብሎ ሲጽፍብን እንኳ አላነሣም፤ ሰሌዳውን ከበረንዳው ብረት ወደ ውስጥ አስገብቶ እንደ ሕፃን አጋደመው።

ደሜ ፈላ። እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። "ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት መቶ አምፖል ሥር ስተኩስ ውዬ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት በዳበሳ ልክተፍ?" አልኩት።

"እትዬ ሕፃን በዳበሳ ታዋልዳለች፤ አንቺን ሽንኩርት አቃተሽ?"

"እሳቸው ተቸግረው ነው። እኔ የተቸገርኩት በአንተ ነው።"

እሱ ግን አይቆጣም። ነገር ዓለሙን ትቶ ያቺን የባትሪ መለኪያ መርፌ ያያል። እሱ ዙሪክ ሲሄድ እኔ ሳጥኑን ከፍቼ ቤቱን ቦግ አደርግና እንደ ሰው ራቴን እበላ ነበር። ዓርብ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ሥር ይንበረከካል። "ባትሪው ጢም ብሏል፤ ሳምንቱን ሙሉ አልነካሽውም" ይለኛል። በማርያም እምላለሁ። "ማርያምንም አስቸገርሻት" ይላል። ስቆ ያስቀኛል። ያኔ አልገባኝም እንጂ ደስ ብሎን ነበር የምንኖረው።

በጋው ሲገባ መብራቱ ተረፈን። ፀሐይዋ እስከ ምሽት አትጠልቅም፤ አምፖሏም ቴፗም አንድ ላይ ይሠራሉ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ወንዙን እያየን ራት እንበላለን። "በል እንግዲህ፣ ሠራ፤ አሁን ላክላቸው" አልኩት። እምቢ አለ። "ይኼማ በጋ ነው፤ በጋ ምን ያቅታል" አለ። "የዚህ አገር ኅዳር የእትዬ ሐምሌ ማለት ነው። ጉሙ ይምጣና ልየው። የጄኔቭን ኅዳር ካለፈ የኛን ክረምት ያልፋል።" እኔም ልክ ነው ብዬ ተውኩት። ስለዚያ በጋ ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ። በሰኔ ሄዶ ቢሆን ኖሮ አራት ወር በበራላቸው ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጋሼ እማዳም ቤት፣ ሥራዬ ቦታ፣ ስልክ ደወሉልኝ። ጋሼ የምንላቸው የጄኔቭ አበሻ ሁሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ። የማንም ሰው ሞት ከአገር ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው በሳቸው ስልክ ነው። ከሥራ ስትወጪ ፓኪ ሰፈር ብቅ በዪ አሉኝ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ካፌ ገብቼ ፊታቸውን ሳየው መርዶ መሆኑ ገባኝ። ከእኔ ወገን መሰለኝና ወንበሩን ሳልስብ "አባቴ ናቸው?" አልኩ። "አይደሉም፣ ተቀመጪ" አሉኝ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ነበር የደወለላቸው። እትዬ አራት ቀን ብቻ ታመው ዐርፈዋል፤ ተቀብረዋልም።

ያፍራል ሰው እንዲህ ሲናገር፤ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፣ አባቴ ስላልሆኑ። ቀጥሎ እሱ ትዝ አለኝና እዚያው ሰው ፊት ተንሰቀሰቅሁ። ጋሼ መሐረባቸውን ሰጡኝ። "ለሱ ትንፍሽ እንዳትዪ" አሉኝ። "ልጁ ጣሪያ ላይ ነው የሚውለው። ብቻውን ሰምቶ መሰላል ቢወጣ ምን እንደሚሆን አታውቂም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰብሰብ ብለን መጥተን እናረዳዋለን።" ልክ ነበሩ። ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ ይዞት፣ አንዱ አጽናንቶት ነው መርዶ የሚነገረው። እኔም እንዲህ ነው ያደግሁት። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ እኔ እንድነግረው ስላልተጠየቅሁ ደስ ብሎኛል።

እሑድ መጡ። ጋሼ፣ ባለቤታቸው፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች። እኔ ማድቤት ገብቼ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ሰሌዳውን በጨርቅ ሲወለውል ነበር፤ ሲያያቸው እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሮጦ ገባ። "እንኳን መጣችሁ፣ የማሳያችሁ ነገር አለኝ" አለ። ሳያስቀምጣቸው መጋረጃውን ዘጋው። በቀን ቤቱን አጨለመና አምፖሏን አበራት። "ይኼ ለእህቴ ነው" አላቸው። ስለ ላምባው ነገራቸው፤ ስለ ክብሪቱ ነገራቸው። አሁን ግን ወላድ ስትመጣ እትዬ ይቺን ጫን ታደርጋለች፣ አለ፣ በጣቱ እያሳየ።

የጋሼ ባለቤት ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እሱ በደስታ ያለቀሱ መሰለው፤ ትከሻቸውን አቀፋቸው። ጋሼ "ልጄ" ብለው ጀመሩ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና "ልጄ" አሉ። እሱ ጎንበስ ብሎ "አቤት ጋሼ" አላቸው፤ ፊቱ እንዴት እንደበራ። ጋሼ አምፖሏን አዩና "ስንት ሰዓት ታበራለች?" ብለው ጠየቁ።

አለቀ። ያቀረብኩትን በሉና ተነሡ። ሊፍቱ ጋ ስሸኛቸው ጋሼ ዐይኔን ማየት ፈርተው ወለሉን እያዩ "በሚቀጥለው እሑድ" አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ አንዱ ታመመ። ከዚያ ጾሙ ገባ። ከዚያ "ገና ይለፍና፣ በዓሉን አናበላሽበት" ተባለ። አገር ቤት ሲደውል የአጎቱ ልጅ "እትዬ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች" ይለዋል። ሁላችንም አንድ ላይ ሆነን አጥር ሠራንበት።

ኅዳር ላይ ጉሙ መጣ። ጄኔቭን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ፀሐይ የምትባል አትታይም፤ ሰማዩ ክዳን ነው። መርፌዋ ወደ ቀዩ ወረደች። እሱ የጠበቀው ይህንን ነበር። ከዙሪክ ሲመጣ ጨለማ ውስጥ ኮቱን ለብሶ ይቀመጣል፣ መብራት ለመቆጠብ። "አሁን አንዲት ወላድ መጣች እንበል" ይላል ድንገት። አምፖሏን ያበራል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያበራታል። እኔን ሶፋው ላይ አጋድሞ ብርሃኑ የት ድረስ እንደሚደርስ ይለካል። "እግርሽ ጋ ጥላ አለ፤ እትዬ ከዚህ በኩል ነው የምትቀመጠው" ይልና አምፖሏን ያነሣታል። እኔ ተጋድሜ ኮርኒሱን አያለሁ። እንባዬ በጆሮዬ በኩል ይወርዳል፤ ጥላው ውስጥ ስለሆንኩ አያየኝም። አፈር ለብሰው ለተኙ ሰው ነው የሚያበራው።

መቆጣት ጠፋብኝ። ያ ሁሉ ምላሴ ታሰረ። ሽንኩርቱን በጨለማ ከትፌ፣ ጣቴን ቆርጬ እንኳ ዝም። አንድ ቅዳሜ ትክ ብሎ አየኝና "ምነው፣ አሞሻል እንዴ? ስንት ሳምንት ሆነ ካልሰደብሽኝ" አለኝ። ደነገጥኩ። በማግሥቱ አስመስዬ ተቆጣሁ። "ይቺን የቀብር ቤት መብራት ከፊቴ አንሣልኝ" አልኩት። ያልኩት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ግን ከት ብሎ ሳቀ። "ዳንሽ፣ አሁን ደህና ሆነሻል" አለኝ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አርባቸው ደረሰ። የሥራ ቀን ነው። ከእማዳም ቤት አስፈቅጄ ወጥቼ፣ የኛ ሰዎች ተከራይተው ከሚጸልዩበት አዳራሽ ሄድኩ። የክርስትና ስማቸውን ለቄሱ በጆሮአቸው ነገርኳቸው። እኔና ጋሼ ብቻ ነበርን። ወንድማቸው ዙሪክ ጣሪያ ላይ ቡሎን ያጠብቃል። ዓርብ ሲመጣ ምስር ወጥ ሠርቼ ጠበቅሁት፤ እጁን ታጥቦ በላ፣ ጣፈጠኝ አለ።

ገና አለፈ። ሰሌዳውም ኅዳርን አለፈ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። አገር ቤት የምትሄድ አንዲት ሴት አገኘ፤ ስለ እትዬ ምንም የማታውቅ፣ አዲስ መጪ። ሰሌዳው ትንሽ ስለሆነ ከሻንጣዋ ጋር እይዘዋለሁ አለችው፤ ባትሪ አዲስ አበባ ይገዛል። ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ እሑድ ጠዋት፣ ባዶ ካሴት ቴፗ ውስጥ አስገባና ለእትዬ ይናገር ጀመር። "እትዬ፣ ቀዩ ሽቦ ከቀዩ ጋር ነው። እንዳታደባልቂው። ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ አቧራ ካለበት ይሰንፋል። ከእንግዲህ ላምባ አትግዢ። ጎረቤት ላብራበት ቢልሽ እሺ በዪ፣ ግን አንቺ ሳትጨርሺ አትስጪ።" ረጅም ነው። ልጅነቱን አነሣባት፤ ጨለማ ይፈራ እንደነበር፣ ይዛው እንደምትወጣ። ሲጨርስ ማይኩን ወደ እኔ አዞረው። "ሰላም በያት" አለኝ በሹክሹክታ።

ቴፗ ትሽከረከራለች። እሱ ፈገግ ብሎ ያየኛል። "እትዬ፣ እንደምን ነዎት" አልኩ። "እኛ ደህና ነን። ያብራልዎ።" እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ቁልፏን ተጫነና ግንባሬን ሳመኝ።

ከዚያ በኋላ እህል አልዋጥ አለኝ። ሰኞና ማክሰኞን እንደምንም ዋልኩ። ረቡዕ ጠዋት ለእማዳም አሞኛል ብዬ ወደ ዙሪክ የሚሄደው ባቡር ላይ ወጣሁ። ጋሼን አልጠየቅሁም፤ ማንንም አልጠየቅሁም። መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳሰናዳ ነበር። ዙሪክ በረዶ ጥሏል። የወርክሾፑን አድራሻ ጨብጬ በትራም፣ ከዚያ በእግሬ፣ ስጠይቅ ስጠይቅ ከከተማው ዳር ደረስኩ። ሼፉ የሠራተኛው ሚስት መሆኔን ሲሰማ ኮቱን ደረበና ሁለት መንገድ አልፎ ወደሚሠሩበት ቤት ወሰደኝ። ባለቤቴ ጣሪያው ላይ ነበር፤ በወገቡ ገመድ አለ። ሼፉ ጠራው። ዞር ብሎ ሲያየኝ እጁ ላይ የነበረውን መፍቻ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

በሥራ ቀን ከጄኔቭ የምትመጣ ሚስት ምን ይዛ እንደምትመጣ ያውቃል። መሰላሉን ወርዶ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመ። "እትዬ ናት?" አለኝ። ያ ሁሉ ያሰናዳሁት ጠፋኝ። አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። እዚያው የሰሌዳው ካርቶን ላይ ተቀመጠ፤ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። አላለቀሰም። "መቼ?" አለኝ።

ትናንት ማለት እችል ነበር። ያምነኝ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዐይኑን ሳየው አቃተኝ። "ጥቅምት" አልኩት።

በጓንት ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ቆጥሮ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። እንደማያውቀኝ ሰው ነው ያየኝ። "እሑድ ሰላም ብለሻታል" አለ። ተነሣ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አጠበቀ፣ መሰላሉን ይዞ ወደ ጣሪያው ተመለሰ።

ሁላችንም የፈራነው ይህንኑ ነበር። እኔ መሰላሉን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ሼፉም ምን እንደሆነ ሳይገባው፣ ፊቴን አይቶ፣ በሌላ በኩል ያዘ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆመን ወደ ላይ አንጋጠጥን፤ በረዶው ዐይኔ ውስጥ ይገባል። እሱ የቀረውን ሰሌዳ አንድ በአንድ አጠበቀ። አንድም ጊዜ ወደ ታች አላየም።

ቬርኒየ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን፤ የጄኔቭ ሰው ሁሉ መጣ። እሱ ግድግዳውን እያየ ነበር። ጋሼ ሊያጽናኑት አጠገቡ ሲቀመጡ "ጋሼ፣ እቤቴ መጥተው መብራቴን አይተው፣ በልተው ሄደዋል" አላቸው፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ሽማግሌው ሰው ፊት አለቀሱ። መንገደኛዋ ሰሌዳውን ወሰደችው፣ እዚያው ከተማ ላለው ጤና ጣቢያ እንዲሆን። ካሴቱን ግን አልሰጣትም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ በሩ አጠገብ ያለውን ሳጥን ከፍቶ የቤቱን መብራት ሁሉ አበራው። ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቅሁበት መብራት ነው። ዐይኔን ወጋኝ፤ ተነሥቼ ላጠፋው አልደፈርኩም።

ይቅርታ አልጠየቅሽም እንዳትሉኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ጠይቄዋለሁ። "ጋሼ ናቸው፣ ወጋችን ነው፣ ለአንተ ብለን ነው" አልኩት። ሰማኝና "ሌላው ሰው ሌላ ነው" አለ። "አንቺ ግን እያየሽኝ ነው አምፖሏ ሥር የተኛሽው።" ከዚያ በየሳምንቱ መምጣቱ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። ከዚያ በወር። ከዚያ ለፋሲካ ብቻ። አልተፋታንም፤ ማንም ፍርድ ቤት አልሄደም። ዙሪክ ቀረ፣ በቃ። ስልክ እንደዋወላለን፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ። እኔ በሙሉ መብራት ሽንኩርት እከትፋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ጠዋት ወደ ቨርሷ ለመሄድ ጫማዬን ሳስር ስልኩ ጮኸ። እሱ ነው። በዚያ ሰዓት ደውሎ አያውቅም። "ብቻሽን ነሽ?" አለኝ።

"ብቻዬን ነኝ" አልኩት።

"ተቀመጪ። አባትሽ ዛሬ ሌሊት ዐርፈዋል። አሁን ነው ከአገር ቤት ደውለው የነገሩኝ፤ ሌላ የሰማ ሰው የለም።"

እንዴት እንደጮኽሁ አላውቅም። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ተንከባለልኩ፣ ራሴን ከጠረጴዛው እግር ጋር አጋጨሁ። የስልኩ እጀታ በሽቦው ተንጠልጥሏል። ድምፄ ሲያልቅ አነሣሁት። አልዘጋውም ነበር። ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ እሱም ሲያለቅስ የነበረ መሰለኝ።

"ና" ልለው ነበር። ቀደመኝ።

"እኔ በሰዓቱ ነግሬሻለሁ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ዘጋው።

አዝኖልኝ ይሁን ተበቅሎኝ ዛሬም ድረስ አላወቅሁም። ነጠላዬን ከቁም ሣጥን አውጥቼ፣ ራሴው አዘቅዝቄ ለበስኩና፣ ሰው እስኪሰማ ድረስ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።